ቤት የለወጠ ሰው እንደ ቤት ነጋዴ ለምን ይቀረጣል?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን፣ ስለ ልጆች የአማርኛ ትምህርት፣ ስለ እድር መዋጮና ስለ ለቅሶ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ኪስ የሚጎዳ ነው። ይኸውም አሮጌ ቤታቸውን ሳይሸጡ አዲስ ቤት የገዙ ወይም ለመግዛት የተዘጋጁ ነዋሪዎቻችን የሚጠየቁት ተጨማሪ ቀረጥ ነው። በዚህ በለንደን ከእኛ መካከል ብዙው ሰው ተከራይ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት መጥተው፣ ሌሊት ቢሮ እያጸዱና ታክሲ እየነዱ ባለሁለት መኝታ ፍላት የገዙ፣ አሁን ልጆች አድገውባቸው ወደ ክሮይደን፣ ወደ ኤንፊልድ ወይም ወደ ሉተን ሰፋ ያለ ቤት ፍለጋ የሚወጡ ጥቂቶች አይደሉም። ጉዳዩ በዋናነት የእነሱ ነው። ለተከራዩም የሚሆን ነገር ከታች አለ፤ በተለይ አገር ቤት ቤት ያለው ተከራይ እስከ መጨረሻው ሳያነብ እንዳይሄድ እንለምናለን።

እንደሚታወቀው በእንግሊዝ አገር ቤት የገዛ ሰው ስታምፕ ዲዩቲ የሚባል ቀረጥ ለመንግሥት ይከፍላል። አገር ቤት የቴምብር ቀረጥ የምንለው ዓይነት ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከቤቱ ዋጋ የመጀመሪያው 125,000 ፓውንድ ነፃ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ እስከ 250,000 ያለው 2 በመቶ፣ ከዚያም በላይ እስከ 925,000 ያለው 5 በመቶ ይከፈልበታል። ከ925,000 በላይ ያለውን እንለፈው፤ የእኛ ሠፈር ጉዳይ አይደለም። ይህ ተራው ቀረጥ ነው። ስለዚህኛው አቤቱታ የለንም፤ ቤት የገዛ ሁሉ የሚከፍለው ነው።

አቤቱታችን በላዩ ላይ ስለሚደረበው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 25 ቀን 2015 የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን፣ ሁለተኛ ቤት የሚገዛ ሰው በተራው ቀረጥ ላይ 3 በመቶ እንዲጨምር መወሰናቸውን አስታወቁ። ሕጉም ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ስምንት ዓመት ተኩል በ3 በመቶ ከቆየ በኋላ፣ በኦክቶበር 30 ቀን 2024 በተነበበው በጀት ወደ 5 በመቶ ከፍ አለ፤ የሚጸናውም ከማግስቱ ጀምሮ ነው ተባለ። ማታ 3 የነበረው ጠዋት 5 ሆኖ አደረ ማለት ነው። ውል ቀድሞ የተለዋወጠ ተርፏል፤ ሊለዋወጥ ሁለት ቀን የቀረው ግን ምን ይበል?

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ በ500,000 ፓውንድ ቤት ገዛ እንበል። አሮጌው ቤት አስቀድሞ ተሽጦ ከሆነ ቀረጡ 15,000 ፓውንድ ነው። አሮጌው ቤት ገና በስሙ ካለ ግን ተጨማሪው 5 በመቶ የሚታሰበው ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነውና ሌላ 25,000 ይደረባል። ድምሩ 40,000 ፓውንድ። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ሰውዬውም ያው ሰውዬ ነው። ልዩነቱ አሮጌው ቤት ከመግዣው ቀን በፊት አለመሸጡ ብቻ ነው።

የሕጉ ዓላማ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ለመናገር አናፍርም። አሥር ቤት ገዝቶ አሥራ አንደኛውን የሚፈልግ አከራይ፣ አንድም ቤት ከሌለው ወጣት ጋር እኩል መቀረጥ የለበትም የሚል ነው። እኛም እንስማማለን። ልጆቻችን በዚህ አገር ተወልደው፣ ተምረው፣ ሥራ ይዘው ሲያበቁ ከእናት ከአባት ቤት መውጣት ያቃታቸው በእንዲህ ያለው ገዥ ብዛት ጭምር ነው። ዳሩ ግን ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አዲሱን ቤት በገዛህበት ቀን መጨረሻ ላይ ስንት ቤት አለህ? ሁለት ካልህ አበቃ። ለምን ሁለት እንደሆነ፣ አንደኛው ለሽያጭ ወጥቶ ደላላ ቤት ስሙ ተለጥፎ እንደሆነ፣ በዚያን ዕለት አይጠየቅም። ቤት የለወጠውና ቤት የሚሰበስበው በአንድ ወንፊት ይነፋሉ።

«ታዲያ ገንዘቡ ይመለስ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ይመለሳል። አዲሱን ቤት ሊኖርበት ብሎ የገዛ ሰው፣ ቀድሞ ይኖርበት የነበረውን ቤት በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸጠ ተጨማሪውን 5 በመቶ መልሶ መጠየቅ ይችላል። ብቻ የተሸጠው ቤት፣ አዲሱ ከመገዛቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ በሆነ ጊዜ የገዛ ራሱ ዋና መኖሪያ ሆኖ የቆየ መሆን አለበት። ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው ይሉናል። ጊዜውስ ረጅም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚፈለገው ዛሬ ነው። ቁልፍ ከተረከቡ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቂያው ቀርቦ ቀረጡ ተከፍሎ ማለቅ አለበት፤ እንዲያውም ሶሊሲተሩ ገንዘቡን አስቀድሞ እጁ ካላስገባ ቁልፍ መረከቡም ቀላል አይሆንም። በሦስት ዓመት ውስጥ የሚመለስ 25,000 ፓውንድ ለሌለው ሰው፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ኧረ ለመሆኑ ሰው ለምን አሮጌውን ሳይሸጥ አዲሱን ይገዛል? በዚህ አገር የቤት ሽያጭ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የእኛን ፍላት የሚገዛው ሰው የራሱን እስኪሸጥ ይጠብቃል፤ እኛ የምንገዛው ቤት ባለቤት ደግሞ እኛን ይጠብቃል። በእንግሊዝ ሕግ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም በቃሉ አይታሰርም። ገዥው «ይቅርታ፣ ሐሳቤን ለወጥሁ» ብሎ በመጨረሻው ሳምንት ቢሄድ የሚጠይቀው የለም። ሰንሰለቱ እኛ ጋ ሲበጠስ፣ ከላይ ያለው ሻጭ ደግሞ «ወይ በዚህ ወር ግዙ፣ ወይ ለሌላ እሸጠዋለሁ» ይላል። የልጆቹ አዲስ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኝቷል፤ ባንኩ ለብድሩ የሰጠው ቀን ሊያልቅ ነው። ሰውዬው ሁለት ቤት ይዞ የሚገኘው ሀብት ተርፎት ሳይሆን እንዲህ ተጣድፎ ነው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ባንኩ ለቤቱ እንጂ ለቀረጡ ብሎ ማበደር አይወድም። የመሸጋገሪያ ብድር የሚባለው አለ፤ ወለዱን የጠየቀ ሰው ግን ሁለተኛ አይጠይቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው በር እቁብ ነው። ዕጣው ለሌላ የደረሰ እንደሆነ ልመና ይጀመራል፤ «እኅቴ፣ የዚህን ዙር ለእኔ ልቀቂልኝ፣ በሚመጣው ለአንቺ» ይባላል። ቀጥሎ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እኅት ትደወልላታለች፤ እርስዋም ለእናቷ ቤት ማደሻ ያጠራቀመችውን ትልካለች። የቀረው በክሬዲት ካርድ ይሞላል። የማኅበራችን ሰዎች ምክር ሲጠየቁ ያዩት ይህንኑ ነው። መንግሥት ከአንድ ቤተሰብ ወሰድኩ ይላል፤ በውነቱ የወሰደው ግን ከአምስት ቤት ነው። ሦስት ዓመትም ቆይቶ ሲመልስ ለአንዱ ይመልሳል፤ እኅቲቱ የእናቷን ቤት ሳታድስ መቅረቷን የሚቆጥረው የለም።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ሌላ ነው። 25,000 ፓውንድ ማግኘት ያልቻለ ሰው ምን ያደርጋል? አሮጌውን ቤት ከመግዣው ቀን በፊት በግድ ይሸጣል። በግድ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዋጋ አይመርጥም። ደላላው «አንድ ሰው አለ፤ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ባንክ አያስፈልገውም፤ በሦስት ሳምንት ይጨርሳል፤ ብቻ 20,000 ቀንሱለት» ይላል። ያ ሰው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ያው ቤት ሰብሳቢው አከራይ ነው። እሱም ተጨማሪውን 5 በመቶ እንደሚከፍል እናውቃለን፤ ነገር ግን በቅናሹ አካክሶታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አከራዩን ለመግታት የወጣ ሕግ ቤት የሚለውጠውን ቤተሰብ አስደንግጦ፣ ፍላቱን በርካሽ ለአከራዩ አስረክቦታል። ያችን ፍላት መግዛት የሚገባው የጎረቤት ልጅ፣ ብድር እስኪፈቀድለት ሁለት ወር የሚያስፈልገው ወጣት፣ አሁንም ቆሞ ቀረ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ይሽጡ፣ ከዚያ ለጥቂት ወራት ተከራይተው ይግዙ» የሚል ምክር ደጋግመን ሰምተናል። ምክሩ ልጅ ለሌለው፣ ዕቃው በሁለት ሻንጣ ለሚያልቅ ሰው መልካም ነው። አራት ልጆችና አንዲት በእድሜ የገፉ እናት ላሉት ቤተሰብ ለስድስት ወር ብቻ የሚያከራይ ሰው ፈልጎ ማግኘት እንዲህ የቀለለ አይደለም። ከተገኘም መያዣው፣ የሁለት ጊዜ የዕቃ ማጓጓዣው፣ የዕቃ ማከማቻው ኪራይ አለ፤ በዚህ መካከል የቤት ዋጋ ከፍ ካለ ደግሞ ሰውዬው ከገበያው ውጭ ቀረ። ዝንጀሮ «መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለች ይባላል። ሰውም ከዝንጀሮ አያንስም፤ መጀመሪያ የሚቀመጥበትን ማረጋገጡ ሞኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ሕጉ ግን ጥንቃቄውን ይቀጣል።

የማኅበራችን አቋም የሚከተለው ነው። አዲሱን ቤት ለመኖሪያው የገዛና አሮጌ መኖሪያውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው፣ ተጨማሪው ቀረጥ በመግዣው ቀን ሊጠየቅ አይገባም። ሦስቱ ዓመት ይቆጠር። በሦስት ዓመት ውስጥ ካልሸጠ ያን ጊዜ ይክፈል፤ ከነወለዱም ይክፈል። መንግሥት ገንዘቡ ይጠፋብኛል ብሎ የሚሠጋ ከሆነ፣ በመሬት መዝገብ ላይ ዕዳው ይመዝገብና ሰውዬው ዕዳውን ሳይዘጋ ቤቱን እንዳይሸጥ ይታገድ። ባንኮች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ቤት እግር የለውም፤ የትም አይሄድም። ዛሬ የሚደረገው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሁሉም ይሰበሰብና፣ ማወቅ የቻለ፣ ቅጽ መሙላት የቻለ፣ ቀኑ ያላለፈበት ብቻ ይመለስለታል። ያላወቀው ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

«የእኛ ድምፅ የት ይደርሳል» ለምትሉ አንድ ነገር እናስታውስ። ይህ ሕግ ሲረቀቅ መንግሥት ለመመለሻው አስቦት የነበረው ጊዜ 18 ወር ብቻ ነበር። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ቀረበ፤ ሰዎች ጻፉ፣ ጊዜው አይበቃም አሉ፤ በማርች 2016 በጀት ወደ 36 ወር ከፍ ተደረገ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ ያላት ስትሆን፣ ተጨማሪው ቀረጧ ከዲሴምበር 5 ቀን 2024 ጀምሮ 8 በመቶ ደርሷል፤ ይሁንና እርስዋም 18 ወር የነበረውን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ 36 ወር አድርጋለች። ስለዚህ ሕጉ ከድንጋይ የተጠረበ አይደለም።

ሦስት ዓመት እንኳ የማይበቃው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 14 ቀን 2017 በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰዎች የሞቱበትን እሳት በዚህ ከተማ ማን ይረሳዋል? ከዚያ ወዲህ የብዙ ሕንፃዎች የውጭ ልባስ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ደግሞ የሕንፃውን የውጭ ግድግዳ ደኅንነት የሚያሳይ ልዩ ቅጽ መጣና፣ ቅጹ የሌለው ፍላት ገዥ ቢያገኝ እንኳ የገዥው ባንክ አላበድርም ማለት ያዘ። ባለፍላቱ ምን አጠፋ? ልባሱን እሱ አልለጠፈው። ልጆቹን ይዞ ከዚያ ሕንፃ መውጣቱ ደግሞ ማንም ወላጅ የሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሦስቱ ዓመት ቢያልፉበትም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። አዲሱን ቤት የገዛው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2017 ወዲህ ከሆነና ሽያጩ የዘገየው ከአቅሙ በላይ በሆነ ልዩ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ በኮቪድ ጊዜ በነበረው እገዳ ወይም የመንግሥት አካል ባደረገው ወይም ማድረግ ሲገባው ባላደረገው ነገር የተነሣ ከሆነ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ጊዜውን አልፎም ሊመልስለት ይችላል። እንቅፋቱ እንደተነሣ ግን ሳይዘገይ መሸጥ አለበት። «ጥሩ ዋጋ አጥቼ ነው የቆየሁት» ማለት አይሠራም። ደብዳቤዎቻችሁን አትጣሉ፤ ከሕንፃው አስተዳደር የመጣ እያንዳንዱ ወረቀት ይቀመጥ።

ስለ አመላለሱም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው አሮጌው ቤት በተሸጠ በ12 ወር ውስጥ፣ ወይም የአዲሱ ቤት የቀረጥ ማስታወቂያ መቅረብ ከነበረበት የመጨረሻ ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያልቀው ይወሰዳል። ለማንም ተብሎ ተቆጥሮ የሚላክ ገንዘብ የለም፤ ያልጠየቀ አያገኝም። ሶሊሲተሩ አዲሱን ቤት ያስጨረሰላችሁ ጊዜ ሥራውን ጨርሷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሮጌውን ስትሸጡ ሌላ ሶሊሲተር ይዛችሁ ይሆናል፤ እሱም ስለ መጀመሪያው አያውቅም። ስለዚህ አስታዋሹ ራሳችሁ ናችሁ። ቅጹን በኢንተርኔት ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። የሚያስፈልገው የሁለቱ ቤቶች አድራሻና የግዢና የሽያጭ ቀን፣ አሮጌውን የገዛው ሰው ስም፣ የከፈላችሁት ቀረጥና የምትጠይቁት መጠን፣ የቀረጡ ማስታወቂያ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። በስልክ እየደወሉ «ቀረጥ እናስመልስልዎ» የሚሉትን ግን ተጠንቀቁ። ለአንድ ቅጽ ከገንዘባችሁ ሲሶውን የሚቆርጡ አሉ። አንዳንዶቹም የማይገባ ጥያቄ በስማችሁ አቅርበው ድርሻቸውን ወስደው ይሄዳሉ፤ ከዚያ መንግሥት ገንዘቡን መልሱ ሲል የሚይዘው እናንተን ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱም ራሱ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች አስጠንቅቋል።

«በሚስቴ ስም ብገዛውስ?» የሚል ጥያቄም በየጊዜው ይነሣል። አይሆንም። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት በዚህ ሕግ እንደ አንድ ሰው ይታያሉ። ከጋብቻ በፊት የእሱ የነበረ ፍላት ለእርስዋም ይቆጠርባታል። ዕድሜው 18 ዓመት ባልሞላው ልጅ ስም መግዛትም ያው ነው፤ ወላጁ እንደገዛው ይቆጠራል።

አሁን አገር ቤት ቤት ወዳለው እንምጣ፤ በተለይ ተከራይ ሆኖ እስከዚህ ያነበበው ይኸውና ደረሰ። ሕጉ «ስንት ቤት አለህ» ሲል በእንግሊዝ ውስጥ ማለቱ አይደለም። በዓለም ላይ ማለቱ ነው። ባሕር ዳር ያለው ቤት፣ አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም፣ ድርሻህ በመግዣው ቀን በገበያ ዋጋ 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ ይቆጠራል። በለንደን ዕድሜውን ሙሉ ተከራይቶ የኖረ ሰው፣ ለእናቱ ብሎ አገር ቤት ቤት ሠርቶ፣ ዛሬ እዚህ የመጀመሪያ ቤቱን በ400,000 ፓውንድ ሊገዛ ነው እንበል። ምንም ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ለዚሁ ቤት 5,000 ፓውንድ ይከፍላል። እሱ ግን 30,000 ይከፍላል። ይህኛው ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል፤ አገር ቤት ያለውን ቤት ነገ ቢሸጠው እንኳ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ዋና መኖሪያው ሆኖ አያውቅምና። ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው። እናቱን ከዝናብ ያስጠለለ ልጅ በዚህ አገር መዝገብ ላይ ባለሁለት ቤት ሀብታም ተብሎ ይጻፋል።

ይሁን እንጂ 40,000ው ወሰን በፓውንድ የተቆረጠ መሆኑን አትርሱ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ ወርዷል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ አምስት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ከ60,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ፓውንዱ በ170 ብር ቢታሰብ ያው አምስት ሚሊዮን ወደ 29,000 ይወርዳል፤ ከወሰኑ በታች ሆነ ማለት ነው። እርግጥ የቤቱም ዋጋ በብር ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በግምት ሳይሆን፣ በመግዣው ሰሞን የተጻፈ የዋጋ ግምት ከአገር ቤት አስመጥቶ መያዝ ይበጃል። ከወሰኑ በታች የሆነለት ሰው ከላይ ላለው የ400,000 ፓውንድ ቤት 10,000 ብቻ ይከፍላል፤ የመጀመሪያ ገዥ ቅናሹን ግን አያገኝም፤ ያኛው ቤት ኖሮት ለማያውቅ ብቻ ነውና። የውርስ ቤትም ለዚህ ለቅናሹ ይቆጠራል። ለተጨማሪው 5 በመቶ ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተወረሰና ድርሻው ከግማሽ ያልበለጠ ቤት አይቆጠርም። ወንድምና እኅት ሆናችሁ የአባታችሁን ቤት በቅርቡ የወረሳችሁ፣ ይህቺን ለሶሊሲተራችሁ አንሡ።

በዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። «በዓለም ላይ ቤት አለህ ወይ» ተብሎ ሲጠየቅ «የለኝም» ብሎ መፈረም አለ ይባላል፤ ማን ያየኛል በሚል። እኛ አንመክርም። የፈረመው ሰው ነው ተጠያቂው፤ በቀረጡም ላይ ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል። ሕጉ ከበደን ካልን ይቀየር እንበል እንጂ እየዋሸን አንኑር። እዚህ ለንደን የሚኖርበትን ቤት ሽጦ ሌላ መኖሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ አገር ቤት ቤት ኖረው አልኖረው ተጨማሪው አይመለከተውም፤ በከንቱ የሚሠጉ ስላሉ ነው የምንናገረው።

ሁለት ቤት ይዘው ለሚቆዩት ካውንስል ታክስም አለ። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ካውንስሎች ዕቃ ባለበትና ሰው በማይኖርበት ሁለተኛ ቤት ላይ እስከ እጥፍ ማስከፈል ይችላሉ፤ ዓመት ሙሉ ባዶ በቆየ ቤት ላይም እንዲሁ። ነገር ግን ቤቱ በእርግጥ ለሽያጭ የወጣ ከሆነ እስከ 12 ወር ከዚህ ጭማሪ ነፃ ነው። ካውንስሉ ይህን ከሰማይ አያውቅም፤ የደላላውን ውልና ማስታወቂያውን ይዛችሁ ጻፉ። ሌላው፣ አሮጌው ቤት ዋጋው ከፍ ብሎ የተሸጠ እንደሆነ የሚመጣው የትርፍ ግብር ነው። የኖራችሁበት ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ የመጨረሻው ዘጠኝ ወር ነፃ ነው፤ ለቅቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ ከዘጠኝ ወር በላይ ሳይሸጥ ከቆየ ግን ለትርፉ ጊዜ ድርሻ ይታሰባል። ግብር የሚያስከፍል ከሆነም በተሸጠ በ60 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ሦስት ዓመት አለን ብለው የሚዝናኑ ሰዎች ይህን ዘጠኝ ወር ይርሱታል።

ስለ ተጨማሪው ቀረጥ የማኅበራችንን አቋም የያዘ ደብዳቤ ለአካባቢያችን የፓርላማ አባል ተዘጋጅቷል። ግልባጩ ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ስምና ፊርማ የሚሰፍርበት ወረቀት አለ። ተከራዮችም ፈርሙ፤ ፊርማችሁ ይቆጠራል። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ተጨማሪውን ቀረጥ ከፍላችሁ አሮጌ ቤታችሁን የሸጣችሁ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማኅበሩ ክፍል ቅጽ የሚያነቡና የሚያስረዱ ሰዎች ስለሚገኙ፣ አዲሱን ቤት የገዛችሁበትን የሒሳብ መግለጫና አሮጌው የተሸጠበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የተሸጠበት ቀን ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ግን እሑድን አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ይደውል።